ሽታው ብቻ የተፈቀደለት ሰው

ባሌ ከውጭ አገር ታክሞ በተመለሰ ሰሞን፣ ቤታችን ጸጥ ሲል ልቡ ይሰማ ነበር። የእጅ ሰዓት ወደ ጆሮ ሲያስጠጉት እንደሚሰማው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። በልጅነቱ ጉሮሮውን እየታመመ ሳይታከም በመቅረቱ ከልቡ በሮች አንዱ ተበላሽቶ ኖሯል። ሐኪሞቹ ያንን አውጥተው በብረት ተኩለት።

ሥራው ግብርና ነበር። ከናዝሬት እየተነሳ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ ድረስ ይወርድና የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬዎችን ያስተምራል። ትንፋሹ እያጠረ ሄዶ ከማሳ ማሳ መራመድ ሲያቅተው፣ ገበሬዎቹ በጋሪ ጭነው ያዞሩት ጀመር። ወደ ሐኪሞች ቦርድ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው የደርግ ስለነበር ለሕክምናም ቢሆን ከአገር መውጣት ቀላል አልነበረም። እኔ በልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር፤ የስፌት መኪናዬን ለጓደኞቼ ትቼ ከቢሮ ቢሮ አብሬው ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ከሶሻሊስት አገሮች አንዱ ተቀበለው። አስከሬኑ ነው የሚመለስልኝ ብዬ ስጠብቅ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እንደ ልጅ ሮጬ ተጠመጠምኩበት። "ቀስ! ደረቴ ገና የተሰፋ ነው" አለኝና ሳቀ።

አብሮት የመጣው ደም የሚያቀጥን ክኒን ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሁለታችንንም ፊቱ አስቀምጦ አስረዳን። ደም ብረቱ ላይ ሊረጋ ስለሚችል፣ ያ እንዳይሆን ክኒኑን ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። ካነሰው ይረጋበታል፤ ከበዛበት ደግሞ የጀመረው ደም አይቆምለትም። ስለዚህ በየጊዜው ደሙ ይመረመራል። አስፕሪን አይነካም፣ ጡንቻው ላይ መርፌ አይወጋም፣ የባህል መድኃኒት ሳይጠይቅ አይጠጣም። ባሌ በየቃሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ደግሞ እንዳይጠፋብኝ በልቤ እደጋግመዋለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቱ መጡ። አማቴ የአርሲ ነገሌ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ባላቸው ሞቶባቸው፣ እህል ገበያ ውስጥ ስንዴና ገብስ እየሰፈሩ ይህንን አንድ ልጃቸውን ለብቻቸው አሳደጉ። ያኔ ከተማችንን ሁላችንም ናዝሬት ስንላት እሳቸው ግን ከአዳማ ሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። ከአውቶቡስ ሲወርዱ አንድ ጆንያ ይዘዋል። ስፈታው ሽታው ቤቱን በሙሉ ሞላው። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳር። ከሥሩ ደግሞ በቅል የተያዘ ለጋ ቅቤ።

ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አድርገው አዳመጡ።

"ማሎ! ሰዓት ነው እንዴ ያስዋጡህ?" አሉ ቀና ብለው።

"ሰዓት አይደለም አዮ፣ የልቤ በር ነው" አላቸው። እናቱን አዮ ነበር የሚላቸው።

ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ግን እንባቸው መጣ። በነጠላቸው ጠረጉትና ወዲያው ወደ ሥራቸው ገቡ። ቅቤውን ከቅጠሉ ጋር አንጥረው ትከሻውንና ጀርባውን ሊያሹት ነው። ልጅ ሆኖ በታመመ ቁጥር የሚያድኑት በዚህ ነበር። በሠፈራቸውም የወለደች፣ የወደቀ፣ የበረደው ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው።

"እማማ፣ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይሆንም" አልኩ።

"ምኑ?"

"መጠጣቱም፣ መቀባቱም።"

እጃቸው ቅቤው ላይ እንዳለ ዞረው አዩኝ። "እኔ ልጄን ለማሸት ሐኪም ላስፈቅድ?"

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባሌ አንዴ እናቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። "አዮ፣ ነገ አብረን ሄደን እንጠይቅ" አለ።

በማግስቱ በጋሪ ሄድን። የናዝሬቱ ሐኪም ብዙ በሽተኛ የሚጠብቀው፣ ዓይኑ በድካም የቀላ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አማቴን አላጣደፋቸውም። ከነጠላቸው ጫፍ እየፈቱ የሚያወጡለትን ቅጠል አንድ በአንድ ተቀብሎ አሸተተው።

"እናቴ፣ ጤና አዳሙን ቀቅሎ መጠጣት ይቅር" አላቸው። "ነጭ ሽንኩርት እንደ ማንኛችንም በወጥ ይብላ፤ ለመድኃኒት ብሎ ግን ፍሬውን እንዳይውጥ።"

"እሺ። መታሸቱስ?"

"ደሙ ቀጭን ነው። ጠንከር ብለው ቢያሹት ከቆዳው ሥር ይደማል።"

"ቀስ ብዬ ነው የማሸው። እናቱ ነኝ እኮ።"

ሐኪሙ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "አምንዎታለሁ። ግን ቆዳም ይጠጣል እናቴ። ይህ ቅጠል በቆዳው ገብቶ ከክኒኑ ጋር ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም። የማላውቀውን እሺ ብዬ ልጅዎን ላሳጣዎ አልችልም።"

አማቴ ቅጠሉን ከጠረጴዛው አነሱት። "ሽታውስ?"

"ሽታውስ ይሁን። መስኮት ተከፍቶ፣ ራቅ ተደርጎ። ካሳለው ወይም ራሱን ካዞረው ወዲያው ከቤት ይውጣ። ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሰውነቱ ከበለዘ፣ ሽንቱ ከቀላ፣ ዓይነ ምድሩ ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።"

ቤት ደርሰን አማቴን ከጋሪው ስናወርዳቸው፣ "እጅ የሌለው ሽታ ምን ይሠራለታል?" አሉ፤ ለማን እንዳሉት እንጃ።

ቃላቸውን ግን ጠበቁ። አሪቲና ጠጅ ሳሩን በውኃ ጣሳ አድርገው መስኮቱ ሥር አኖሩ። በተረፈ ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ በራችን ሲዞር፣ ባሌ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እሳቸው ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ። ዳማከሴውን በገዛ መዳፋቸው ያሹታል፤ ጨመቅ፣ ጨመቅ ያደርጉትና ሁለት እጃቸውን እንደ ሳህን ገልጠው ይዘረጉለታል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል፤ እጃቸው ግን ፊቱን አይነካውም። "ነገሌ ደረስኩ" ይላቸዋል። ሽታው አልቆ እንኳ እጃቸውን ወዲያው አይሰበስቡም ነበር። እኔ የልብስ ቁልፍ እየተከልኩ አያቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ቅናት ቢጤ ይነካካኛል።

እኛ የወንጌል አማኞች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ዘመን ተዘግቶ ስለነበር እሑድ እሑድ ጥቂት ሰዎች እየተለያዩ፣ ለጥየቃ የመጡ መስለው ቤታችን ይመጣሉ። መዝሙሩ ከትንፋሽ ከፍ አይልም። ለጸሎት ዝም ስንል የባሌ ልብ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ አንዲት አሮጊት "ጌታ ሆይ፣ ይህን ድምፅ አታቋርጥብን" ብለው ሲጸልዩ እሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ደህና የነበርንበት ጊዜ ያ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ቀበሌው ችግኝ ተከላ ጠራ። ባሌ ሕመምተኛ ስለሆነ አይገደድም፤ እሱ ግን ችግኝ ሲተከል ተቀምጦ ማየት የሚችል ሰው አልነበረም። ሄዶ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ሲተክል ውሎ መጣ፤ በማግስቱ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። አብሮ አደጉ የሆነ ኳስ ተጫዋች ሊጠይቀው መጥቶ አየውና፣ እየሮጠ ቤቱ ሄዶ የቅባት ቱቦ ይዞ ተመለሰ። ተጫዋቾች ጡንቻቸውን የሚያሹበት ነው፤ ሽታው ማስቲካ ማስቲካ ይላል፣ ያቃጥላል ከዚያ ይቀዘቅዛል።

"ይኼ ከፋርማሲ የተገዛ ነው፤ በሁለት ቀን ያስሮጥሃል" አለው።

ማናችንም አልጠረጠርንም። ስንፈራ የኖርነው ቅጠሉን ነው። ይህ ግን የታሸገ፣ ፊደል የተጻፈበት፣ ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞር ነገር ነው። አማቴ ራሳቸው ቱቦውን አሽትተው፣ "የሐኪም ነው፣ ይቀባ" አሉ። ጠዋትና ማታ ተቀባ። እንዲሞቀው በሻሽ ጠመጠመው። ጉልበቱም በእርግጥ ተሻለው፤ ደስ ስላለው ወገቡንም መቀባት ጀመረ።

አንድ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ የተፋው ቀላ። መፋቂያው ወግቶት ነው ብለን ተውነው። በማግስቱ ሱሪውን ሲቀይር ጭኑ ላይ የሳህን አፍ የሚያህል ጥቁር በለዝ አየሁ። "ምን መታህ?" አልኩት። "ምንም" አለ። ከጓሮ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "ሽንቴ ደም ነው" አለኝ። አማቴ ነጠላቸውን እንኳ ሳይለብሱ ወጥተው ጋሪ አስቆሙ። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር "ቀስ በል ኢልማ ኮ፣ ቀስ፣ ደሙ ቀጭን ነው" እያሉ፣ ባለጋሪውን በኦሮምኛቸው ልጄ ብለው ይለማመጡታል።

ያው ሐኪም ነው የተቀበለን። አማቴ ገና ሳይጠየቁ፣ "እኔ አልቀባሁትም! አሽቼው ከሆነ እጄ ይቆረጥ!" አሉ።

"ማን አልዎት እናቴ? ምን በላ? ምን ዋጠ?"

ምንም እንዳልዋጠ ነገርነው። ሐኪሙ ሊመረምረው ጎንበስ ሲል ቆም አለ። ወደ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ አሸተተ።

"ይኼ ሽታ የምንድን ነው?"

ነገርነው። ቀና ብሎ ግንባሩን ያዘ። ቅባቱ ውስጥ ያለው ነገር የአስፕሪን ዘመድ እንደሆነ፣ በቆዳ ገብቶ ክኒኑን እንደሚያበረታው፣ ደጋግሞ በሰፊው መቀባቱና በሻሽ ማፈኑ ደግሞ እንዳባሰው ነገረን። "ሽታውን የወደዱት ነገር ሁሉ ሽታ ብቻ አይደለም። ሲቀባ መድኃኒት ነው" አለ። ጉልበቱንና ወገቡን በሳሙና አሳጠበው። ክኒኑ ለጊዜው ተቋረጠ፤ የሚያረጋ መድኃኒት ተሰጠው፤ ደም ተፈለገ። ኳስ ተጫዋቹ ሰምቶ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ደም ሰጠ። ከዚያ ግን ወደ ክፍሉ አልገባም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ይውላል፤ ስጠራው ራሱን ይነቀንቃል።

ባሌ ዳነ። ከስቶ፣ ቆዳው ገርጥቶ ቤቱ ገባ። ክኒኑም በሐኪሙ ትእዛዝ እንደገና ተጀመረ። ያልዳነው ፍርሃቱ ነው። ጢሙን መላጨት ተወ። ቢላ ከምይዝበት አጠገብ አይቆምም። ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ያየዋል። አንድ ቀን በጥርሱ ለሁለት ሲከፍለው አገኘሁት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ግማሹ ይበቃኛል።"

"ማን አለ?"

"እኔ። ደሜን አየሁት እኮ፤ አንቺ አላየሽውም። ከውስጤ እንደ ውኃ ሲወርድ አየሁት።"

"ካነሰ ይረጋል ተብለሃል።"

"የሚረጋውን አላየሁትም" አለኝ።

አልቅሼ ለመንኩት፤ እናቱም ለመኑት። እሺ አለን። በፊታችን ሙሉውን ይውጣል። ሥራውን ሲጀምርና ወደ ዝዋይ መውረድ ሲቀጥል ግን አብሬው አልነበርኩም። ለደም ምርመራ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት፤ ዛሬ ነገ እያለ አራዘመው። ሐኪሙ ሲያገኘው ተቆጣው፤ ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሰማው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አለ።

ከመሄዱ በፊት አንድ እሑድ፣ ሰዎቹ ተበትነው፣ አማቴ ደጅ ስንዴ እየለቀሙ ሳለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ፈጀብኝ። ድምፁ የለም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ልቡ ይመታል፤ ቀጭ የሚለው ጥርት ያለ ድምፅ ግን ታፍኗል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይመስላል።

"ያምሃል?"

"ደክሞኛል እንጂ አያመኝም። ከትናንት ጀምሮ ትንፋሼ አጠረ።"

ሐኪሙ አዳምጦት አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ "ብረቱ ላይ ደም ረግቷል፤ አሁኑኑ አዲስ አበባ" አለ። ፔጆ ተከራየን። አማቴ ከፊት፣ እኔና እሱ ከኋላ። ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። መስኮቱን ክፈቺልኝ አለኝ፤ ከፈትኩት። ዝናብ የመታው አፈር ሽታ ገባ። "እርሻው ያምራል ዘንድሮ" አለ። ከዚያ በኋላ የሚለው አልገባኝም፤ ምላሱ ተሳሰረ። ሞጆ ሳንደርስ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ ሆነ። ሾፌሩ በመስታወት አየን፤ ጥግ ይዞ አቆመ። አማቴ ዞረው ልጃቸውን አዩት። "ኢልማ ኮ" አሉ፤ ደግመው "ኢልማ ኮ" አሉ። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ዳር ቆመ።

ቤታችን አደረስነው። የጸሎት ወንድሞቻችን አጥበው ሊከፍኑት ሲሰናዱ አማቴ ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸው የሚጠይቅ ልጅ ድምፅ ነበር።

"አሁንም ክልክል ነው?" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። "አይ፣ እማማ" አልኳቸው።

ወንዶቹ ወጡልን። ቅቤውን ከዳማከሴና ከአሪቲ ጋር አነጠሩት። ከግንባሩ ጀመሩ፤ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ የደረቱን የስፌት ጠባሳ፣ እጆቹን እስከ ጣቶቹ ጫፍ። እሱን የማውቅ እኔ ነኝ እል ነበር፤ ያን ቀን ግን ያቺ ገላ የማን እንደነበረች አየሁ። ቀስ ብለው ነበር የሚያሹት። እጃቸው አንድም ጊዜ አልጠነከረም፤ ዛሬም እንዳይደማ የሚፈሩ ይመስሉ ነበር። እኔ የቅቤውን ሳህን ይዤ ቆምኩ።

ለቀብር የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ከዓለም ጤና እስከ ዝዋይ ያሉ ገበሬዎች በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ። ኳስ ተጫዋቹ ግን ለልቅሶ ቤት አልገባም። መታየቱንም ተወ። አማቴ ሰምተው፣ "ወስጂኝ" አሉኝ። ቤቱ ስንደርስ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ ሲያየን ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት" አላቸው።

"ያንተ ቅባት አደማው፤ ያንተ ደም ደግሞ አተረፈው" አሉት። "ልጄን የገደለው ፍርሃቱ ነው። አንተም ፈርተህ እዚህ ብትቀር ሌላ ልጅ ልቀብር ነው እንዴ? ተነስ፣ ልብስህን ልበስ።"

እጁን ይዘው በዋናው መንገድ ወደ ልቅሶው አመጡት። ሰዉ ሁሉ ያያል፤ እሳቸው እጁን አልለቀቁም።

አማቴ ከአርባ ቀን በኋላ ወደ ነገሌ ተመለሱ። እኔ ስፌቴን ቀጠልኩ። በከተማው ልቡን ታክሞ ክኒን የጀመረ ሰው ሲኖር ቤተሰቡ ወደ እኔ ይልከዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። ከምትበሉትና ከምትጠጡት ሌላ ምን ትቀባላችሁ? ሐኪማችሁስ ያውቀዋል? አብዛኞቹ መቀባትም ይቆጠራል እንዴ ብለው ይስቃሉ። የባሌን ነገር ስነግራቸው ሳቃቸውን ይተዋሉ። ፈርተው ክኒኑን እንዳይቀንሱ ደግሞ ያንኑ ያህል አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ለጋብቻ ጠየቀኝ። ለአማቴ መንገር ከብዶኝ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ራሴ ነገሌ ወርጄ ነገርኳቸው። ገበያ ውስጥ ነበሩ። ቁናውን አስቀምጠው ወደ መንገዱ አዩ። እንባቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ሲደርስ ጠረጉት። "መቼ ነው?" አሉ።

በሠርጉ ቀን አንድ ኩንታል ስንዴ አስጭነው መጡ። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች በእኔ በኩል የእናት ወንበር ባዶውን ነበር። የሙሽራው ዘመዶች አላወቋቸውምና ከማን ወገን እንደሆኑ ጠየቋቸው። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና፣ "የሙሽራዋ እናት ነኝ" አሏቸው።